ባለቤቴ 12 ዓመት ሠርቶ ሞተ፤ ጡረታው ለልጆቹ አይደርስም ተባልኩ (ጅማ)

የመንደራዋ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፈው ከጅማ ነው፣ መንደራ ቆጪ። እስከ ዛሬ የሰው ጥያቄ አነባለሁ እንጂ ጽፌ አላውቅም። አሁን ግን ግራ ገብቶኛል።

ባለቤቴ ጥር ላይ አረፈ። 44 ዓመቱ ነበር። የሚሠራው አንድ የግል ቡና መፈልፈያና ማበጠሪያ ውስጥ ነው። ጥቅምት 2005 ዓ.ም. ጆንያ ተሸካሚ ሆኖ ገባ፣ በኋላ ማሽኑ ላይ መደቡት። እስከ ዕለተ ሞቱ ሌላ ቦታ አልሠራም። 12 ዓመት ከሦስት ወር። መሳል ከጀመረ በኋላ እንኳ አይቀርም ነበር። «ቡና በሚገባበት ሰዓት እንዴት እቀራለሁ» ይለኛል።

ሁለት ልጆች አሉን። ትልቋ 13፣ ትንሹ 8 ዓመታቸው ነው። አማቴም አብረውን ናቸው። የሚጦራቸው እሱ ብቻ ነበር። እኔ እንጀራ እየጋገርኩ አጂፕ አካባቢ ላሉ ሦስት ምግብ ቤቶች አስረክባለሁ። የጤፉንና የመብራቱን ሳወጣለት የሚተርፈው ለቤት ኪራይ እንኳ አይሞላም።

ድርጅቱ ለቅሶው ላይ 15,000 ብር አምጥቷል። እግዜር ይስጣቸው ብዬ ተቀበልኩ። አርባው ካለፈ በኋላ ቢሮ ጠሩኝና አንድ ወረቀት አስፈረሙኝ። «ከድርጅቱ ምንም የምጠይቀው ነገር የለኝም» የሚል ነው። «ገንዘቡን መቀበልሽን ለማረጋገጥ ነው» አሉኝ፣ ፈረምኩ።

ስለ ጡረታ ስጠይቅ የቢሮው ልጅ «ጡረታ እኮ 60 ዓመት ለሞላው ነው፣ እሱ አልደረሰም» አለኝ። አምኜው ወጣሁ። በኋላ ጎረቤቴ አልተዋጠላትም። አብራኝ ሄደን በስሙ ስንት መዋጮ እንደገባ አስጠየቅን። መዋጮ የገባለት ከኅዳር 2010 ጀምሮ ነው ተባልን። 7 ዓመት ከሁለት ወር። «ከ10 ዓመት በታች ስለሆነ የወር አበል የለውም፣ አንድ ጊዜ የሚከፈል ዳረጎት ነው» አሉን።

ቤት ገብቼ ዕቃውን ስፈትሽ አንድ ፌስታል ሙሉ የደመወዝ ወረቀት አገኘሁ። እሱ ወረቀት አይጥልም ነበር። የ2006፣ የ2007፣ የ2008 አለ። ሁሉም ላይ «ጡረታ» ተብሎ ተቀንሷል።

ታዲያ ያ ገንዘብ የት ሄደ? የፈረምኩት ወረቀትስ መብቴን ቆርጦታል? የተጋባነው በሽማግሌ ነው፣ የጋብቻ ወረቀት የለንም። የባለቤቴ ወንድም ደግሞ «እኔም ወራሽ ነኝ፣ ጡረታው ከመጣ እንካፈላለን» እያለ ነው። ከማን ጋር ልጣላ? የምታውቁ ንገሩኝ።

ቦሳ_ቂጦ

እህቴ ነፍስ ይማር። እውነቱን ልንገርሽ፣ ከፈረምሽ በኋላ ብዙ ተስፋ የለውም። ወረቀት ወረቀት ነው። ከባለሀብት ጋር ፍርድ ቤት መመላለስ ደግሞ ሌላ ወጪ ነው። ዳረጎቱን ተቀበይና ልጆችሽን አሳድጊ።

የድሮ_ፔሮል

ከላይ የጻፍከው ወንድሜ፣ አዝነህ እንደጻፍክ ይገባኛል። ግን ስህተት ነው፣ ይቺ ሴት ሰምታህ ብትቀመጥ ሁለት ልጆች ይጎዳሉ።

ልጄ፣ በመጀመሪያ እግዚአብሔር ያጽናሽ። እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ። ጅማ ውስጥ በግል ድርጅቶች 22 ዓመት ፔሮል ስሠራ ነው የኖርኩት። የምትይውን ወረቀት ሳላየው አውቀዋለሁ። ስለዚህ በደንብ አንብቢኝ።

የ60 ዓመቱን ነገር ቅድሚያ እናንሳ። 60 ዓመት ራሱ ሠራተኛው በዕድሜ ጡረታ የሚወጣበት ነው። ለሞተ ሠራተኛ ቤተሰብ ያ አይጠየቅም። ሕጉ «ተተኪዎች» ይላቸዋል፦ ሚስት ወይም ባል፣ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች፣ እና በሟቹ ይጦሩ የነበሩ ወላጆች። ሟቹ ቢያንስ 10 ዓመት ካገለገለ ለተተኪዎቹ በየወሩ ይከፈላል። ከ10 በታች ከሆነ ዳረጎት ነው። የቢሮው ልጅ ሁለቱን አደባልቆብሻል። አውቆም ይሁን ሳያውቅ አልፈርድበትም።

የግል ድርጅት ሠራተኛ ጡረታ የተጀመረው በአዋጅ ቁጥር 715/2003 ነው። አሁን የሚሠራበት አዋጅ ቁጥር 1268/2014 ነው። ከሠራተኛው መደበኛ ደመወዝ 7 በመቶ ይቀነሳል፣ አሠሪው ከኪሱ 11 በመቶ ይጨምራል። ድምሩ 18። ባለቤትሽ በ2005 ሲቀጠር ሕጉ ሥራ ላይ ነበር። ስለዚህ ከመጀመሪያ ወሩ ጀምሮ መመዝገብ ነበረበት። ማስመዝገብ የአሠሪው ግዴታ ነው። ቆርጦ ማስገባትም የአሠሪው ግዴታ ነው። ሠራተኛው ሄዶ «እባክህ አስገባልኝ» እንዲል ሕጉ አይጠብቅበትም።

አሁን ዋናው ነገር። ከሠራተኛው ተቀንሶ ካልገባ ያ ገንዘብ የድርጅቱ ትርፍ አይደለም። የሰው ገንዘብ ነው። አሠሪው ያላስገባውን መዋጮ ከነቅጣቱ እንዲከፍል ይገደዳል። አስገዳጁ የግል ድርጅት ሠራተኞች ማኅበራዊ ዋስትና አስተዳደር ነው። እምቢ ካለ ከባንክ ሒሳቡ እስከ ማስቆረጥ ሥልጣን አለው። ነገር ግን አስተዳደሩ ዝም ብሎ ሊያውቅ አይችልም። አንድ ሰው ማስረጃ ይዞ መቅረብ አለበት። ያ ማስረጃ አንቺ ጋ በፌስታል ተቀምጧል! እነዚያ ወረቀቶች ወርቅ ናቸው። እርጥበት እንዳይነካቸው። ለማንም ዋናውን አትስጪ። ኮፒ አድርጊ፣ ኮፒውን ከዋናው ጋር አመሳክረው ይመልሱልሻል።

እኔ ይህን የምልሽ ከመጽሐፍ አይደለም። አንድ ቦታ ስሠራ፣ ስሙን መጥራት አልፈልግም፣ ፔሮሉ ላይ የሁሉም ሰው ጡረታ ይቆረጥ ነበር። ለገቢዎች በሚቀርበው ዝርዝር ላይ ግን የግማሹ ስም ብቻ ነበር የሚገባው። ያኔ የግል ድርጅት የጡረታ መዋጮ ከሥራ ግብር ጋር በታክስ መሥሪያ ቤቱ በኩል ነበር የሚሰበሰበው። ዝርዝሩን የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ። ለሥራ አስኪያጁ ሁለት ጊዜ ነገርኩት። «ቀን ሠራተኞች ናቸው፣ ይለቃሉ» አለኝ። አልለቀቁም። ከመካከላቸው አንዱ ወገቡ ተጎድቶ ሲቀመጥ በስሙ የገባ የሦስት ዓመት መዋጮ ብቻ ነበር፣ የሠራው ግን ዘጠኝ ዓመት ነው። ሰውዬው ቤቴ ድረስ መጥቶ «አንተ እኮ ታውቃለህ» አለኝ። እኔም ሄጄ መሰከርኩለት። ቀድሜ መናገር ነበረብኝ። ዛሬም ድረስ ይቆረቁረኛል። ስለዚህ ልጄ፣ ባለቤትሽ ጋ አብሮ የሠራ፣ አብሮ ፔሮል ላይ የፈረመ ሰው ፈልጊ። ይመሰክርልሻል። ሰው እንደዚያ ክፉ አይደለም፣ የሚጠይቀው ስለሌለ ነው ዝም የሚለው።

የፈረምሽው ወረቀት። ጡረታ የድርጅቱ ገንዘብ ስላልሆነ ድርጅቱ ሊያስተውሽ አይችልም። አንቺ የምትጠይቂው አስተዳደሩን ነው። የልጆቹን ድርሻ ደግሞ አንቺም ብትሆኚ ፈርመሽ ልትሰጪ አትችይም። ያ ወረቀት 15,000 ብር መቀበልሽን ያሳያል፣ በቃ።

ከድርጅቱ የምትጠይቂው ሌላ ነገር አለ፣ እሱ ላይ ፍጠኚ። ያልተከፈለ ደመወዝ ካለ፣ ያልወሰደው የዓመት ዕረፍትም በገንዘብ ተቀይሮ ይከፈላል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የዓመት ዕረፍት ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፣ ከዚያ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። 12 ዓመት የሠራ ሰው ከ20 ቀን በላይ አለው። ቡና መፈልፈያ ላይ በወቅቱ ዕረፍት የሚወስድ ሰው ደግሞ አይቼ አላውቅም። ይህን በስድስት ወር ውስጥ ካልጠየቅሽ በይርጋ ይታገዳል። ጥር ካረፈ አሁን ግንቦት ነው። ሁለት ወር እንኳ የለሽም። እዚህ ላይ ነው የፈረምሽውን ወረቀት የሚያነሱብሽ፣ ስለዚህ የሕግ ሰው ያንብበው። የሥራ ክርክር ለመክፈት የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ገንዘብ የለኝም ብለሽ አትቅሪ።

ስንት ይደርሰኛል ብለሽ አልጠየቅሽም፣ ግን ልንገርሽ። ደመወዙን ጻፊልኝ።

የመንደራዋ (ጠያቂ)

ጋሼ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ሳነብ እያለቀስኩ ነበር። ለልጄ አነበብኩላት። «የአባዬን ወረቀት እኔ አስተካክለዋለሁ» ብላ ከፌስታሉ አውጥታ በየዓመቱ እየደረደረች ነው።

የመጨረሻዎቹ ሦስት ዓመታት መደበኛ ደመወዙ ሲካፈል 5,200 ብር አካባቢ ይመጣል። ከዚያ በላይ የሚያገኘው የትርፍ ሰዓትና «የአቧራ አበል» የሚሉት ነበር።

የወንድሙን ነገር ግን እንዴት ልመልስለት? ትናንትም መጥቶ ነበር። አማቴ ተቆጥተው መለሱት። እሳቸውን ከልጃቸው ጋር ማጣላት አልፈልግም።

የድሮ_ፔሮል

የአቧራ አበል ነው ያልሽው? እሱን ቆይተን እንመለስበታለን፣ ትልቅ ነገር ተናግረሻል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ለመጀመሪያዎቹ 10 ዓመታት ከሦስት ዓመቱ አማካይ ደመወዝ 30 በመቶ። ከ10 በላይ ላለው እያንዳንዱ ዓመት 1.25 በመቶ ይጨመራል። 12 ዓመት ከተያዘለት 32.5 በመቶ ይሆናል። የ5,200 ብር 32.5 በመቶ 1,690 ብር ነው። ከዚህ ላይ ለሚስት 50 በመቶ፣ 845 ብር። ለእያንዳንዱ ልጅ 20 በመቶ፣ 338 ብር። በሱ ይጦሩ ለነበሩ እናት 15 በመቶ። የእናንተ ሲደመር 105 ይመጣል። ከመቶ መብለጥ ስለማይችል ከሁላችሁም በመጠኑ ተቀንሶ 1,690 ላይ ይቆማል። ዝቅተኛ የጡረታ መጠንም አለ፣ በየጊዜው ስለሚሻሻል ስታመለክቺ ጠይቂ።

ትንሽ ነው፣ አውቃለሁ። በዛሬ ገበያ 1,690 ብር ምን እንደሚገዛ አንቺ ጤፍ ስትገዢ ታውቂዋለሽ። ግን በየወሩ ነው። ልጆቹ እስኪያድጉ ነው። ጡረታ የሚታሰበው ከመደበኛ ደመወዝ ላይ ብቻ መሆኑም እዚህ ጋ ነው የሚጎዳው። አሠሪዎች ደመወዙን ዝቅ አድርገው ሌላውን በአበል የሚሞሉት ለምን ይመስላችኋል? 11 በመቶውን ለመቀነስ ነው። ወጣቶች፣ ስትቀጠሩ «በእጅ ስንት ይገባል» ብቻ አትበሉ። መደበኛ ደመወዙ ስንት ነው በሉ።

ወንድሙን በተመለከተ፦ ወራሽና ተተኪ አንድ አይደሉም። ሟቹ ጥሎት የሄደ ቤት፣ ዕቃ፣ የባንክ ገንዘብ የውርስ ነው። ጡረታ ግን ውርስ አይደለም። ወንድም ተተኪ ውስጥ የለም። አትጣዪው። ይህን ከእኔ ሰምቶ ካላመነ ቢሮው ራሱ ይነግረዋል።

እናት_ከአወቱ_ማዶ

እህቴ የኔም ታሪክ ያንቺው ነው። እኔ ባሌ ከሞተ አምስት ዓመት ሆኖኛል። ጋሼ የጻፉት ሁሉ ልክ ነው፣ እኔ ስለ ጋብቻው ልጨምር፣ እሱ ነውና ያደከመኝ።

በሽማግሌ መጋባት ጋብቻ ነው። ወረቀት አለመኖሩ ጋብቻውን አያፈርሰውም። ግን ማስረጃ ይጠይቁሻል። እኔ ፍርድ ቤት አመልክቼ በምስክር ነው ያረጋገጥኩት። ምስክር ሆነው የቀረቡልኝ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ጎረቤቴ፣ የእድራችን ጸሐፊ እና የባሌ አክስት ናቸው። ዳኛው የጠየቃቸው ነገር ቀላል ነበር። አብረው ይኖሩ ነበር ወይ፣ ሰው ባልና ሚስት ብሎ ያውቃቸው ነበር ወይ፣ ልጆቹ የሱ ናቸው ወይ። የእድር መዝገብ ላይ እንደ ሚስቱ ተጽፌ ነበርና እሱ በጣም ጠቀመኝ። ያንቺም እድር ላይ ካለ ኮፒ አስወጪ። አማትሽ ቢመሰክሩልሽ ደግሞ ሌላ አያስፈልግሽም ማለት ይቻላል። እሳቸውን እንደ እናት ተንከባከቢ፣ መቼም ነግሬሽ አይደለም።

ስም! ስም ተመልከቺ። የባሌ ስም መታወቂያው ላይ በአንድ ዓይነት፣ ፔሮሉ ላይ በሌላ፣ የልጄ የልደት ወረቀት ላይ ደግሞ አያቱ ተለውጦ ነበር። ለአንድ ፊደል አራት ጊዜ ተመላለስኩ። ሥራ ፈትቼ። ወረቀቶቹን ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተሽ ስሙን ፊደል በፊደል አስተያዪ። ልዩነት ካለ ከመሄድሽ በፊት ቀበሌ አስተካክዪ ወይም «ሁለቱም ስም የአንድ ሰው ነው» የሚል ማረጋገጫ ያዢ። የጡረታ መለያ ቁጥሩንና የግብር ከፋይ ቁጥሩንም ፈልጊ፣ ከደመወዝ ወረቀቱ ላይ አይጠፋም።

ሌላው፣ ማመልከቻሽን ስትሰጪ ሁለት ኮፒ አድርገሽ አንዱ ላይ «ደርሶናል» ብለው ማኅተም እንዲያደርጉልሽ። እኔ የመጀመሪያውን በባዶ ሰጥቼ ጠፋ ተባልኩ። የማናችንም ጥያቄ በቃል አይሄድም።

በመጨረሻ የተፈቀደልኝ ቀን ምን እንዳደረግሁ ታውቂያለሽ? ለልጄ ጫማ ገዛሁ። ከአባቱ የመጣ ነው አልኩት።

ከሊሙ_ገነት

ስለ ጡረታው ሰዎች ብለውታል። እኔ የጤና ጣቢያ ሠራተኛ ነኝ፣ ስለ ሕክምና ልንገርሽ። ባለቤትሽ በሕይወት ሳለ ስትታመሙ ድርጅቱ ያግዛችሁ ከነበረ አሁን ያ ቆሟል። ልጅ ታሞ እንጀራ ሸጠሽ መድኃኒት ልትገዢ ነው። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ውስጥ ግቢ።

ይህ ነገር ለኛ ዞን አዲስ አይደለም። በ2003 ዓ.ም. በአገሪቱ በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር የኛው ሊሙ ኮሳ አንዱ ነበር። ያኔ ሰው «ሳልታመም ለምን እከፍላለሁ» ይል ነበር። አሁን ምዝገባው ሲደርስ ራሱ ይመጣል። በወር ደመወዝ የማይተዳደር፣ በግብርና ወይም በትንንሽ ንግድ የሚኖር ቤተሰብ ነው የሚታቀፈው። አንቺ እንጀራ ሻጭ ስለሆንሽ ትገቢያለሽ። መዋጮው በዓመት አንድ ጊዜ ነው፣ በቤተሰብ ነው። ልጆቹም አማትሽም አንድ ደብተር ላይ ይገባሉ።

ዋናው ግን ይኼ ነው፦ መክፈል ለማይችል መንግሥት ይከፍልለታል። ስሙን የሚመርጠው ቀበሌው ነው። ምርጫው ሲካሄድ ስብሰባው ላይ ተገኚ። ብዙ ሰው ያፍራል። «ድሃ ነኝ ብዬ ልቁም እንዴ» ይላል። ለሚያፍር ሰው የሚያስታውስለት የለም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 41 ላይ መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አካል ጉዳተኞችን፣ አረጋውያንን፣ ያለ ወላጅ ወይም ያለ አሳዳጊ የቀሩ ሕፃናትን እንደሚረዳ ተጽፏል። «አቅሙ በፈቀደ መጠን» የምትለው ሐረግ ብዙ ነገር ትሸፍናለች፣ ይገባኛል። ቢሆንም አማትሽ አረጋዊት ናቸው፣ በስማቸው የምትጠይቂው ልመና አይደለም።

ስትታከሚ ከጤና ጣቢያ ጀምሪ። ሪፈር ይዘሽ ነው ወደ ሆስፒታል የምትሄጂው። ሪፈር ሳትይዢ ቀጥታ ከሄድሽ ከኪስሽ ትከፍያለሽ። በየሳምንቱ በዚህ የሚጎዳ ሰው አያለሁ።

የድሮ_ፔሮል

ወደ አቧራው ልመለስ። ማታ እንቅልፍ ነሥቶኝ ነበር።

ልጄ፣ ባለቤትሽ በምን ሞተ? ሳል ብለሻል። ቡና ሲፈለፈልና ሲበጠር የሚነሳውን ብናኝ እኔ ቢሮ ተቀምጬ እንኳ ወረቀቱ ላይ አየው ነበር። ማሽኑ ላይ የቆመ ሰው ቀኑን ሙሉ ይተነፍሰዋል። ሳንባን ይጎዳል። ሐኪም «ይህ በሽታ ከሥራው የመጣ ነው» ካለ ጉዳዩ ይለወጣል። በሥራ ምክንያት በመጣ ጉዳት ወይም በሽታ ለሞተ ሠራተኛ ተተኪዎች የ10 ዓመት አገልግሎት አይጠየቅም። አንድ ዓመት የሠራም ቢሆን።

በርግጥም ያ ነው አልልሽም። ሳል ብዙ ምክንያት አለው። የሚወስነው የሐኪሞች ቦርድ ነው። ግን የሕክምና ወረቀቶቹን፣ ራጁን፣ ካርዱ ላይ የተጻፈውን ሁሉ ሰብስቢ። የታከመበት ሆስፒታል የሕክምና ማስረጃ እንዲጽፍልሽ ጠይቂ። እና ደመወዝ ወረቀቱ ላይ «የአቧራ አበል» የሚል ካለ፣ ድርጅቱ ራሱ ቦታው አቧራ እንዳለበት ፈርሞልሻል ማለት ነው።

ቦሳ_ቂጦ

እህቴ ይቅርታ አድርጊልኝ። ሳላውቅ ነው ተስፋ ያስቆረጥኩሽ። እኔም ጫኝና አውራጅ ነኝ፣ ስድስት ዓመቴ ነው። ዛሬ ሄጄ በስሜ የገባ መዋጮ እንዳለ አስጠየቅሁ። ሁለት ዓመት ነው ያለው። ጓደኞቼንም ነገርኳቸው፣ ሰኞ አምስት ሆነን እንሄዳለን። ባለቤትሽን የሚያውቅ ሰው እኛ ጋ አለ፣ ባንድ ወቅት አብረው ሠርተዋል። እመሰክራለሁ ብሏል።

የመንደራዋ (ጠያቂ)

ሦስት ሳምንት ቆየሁ፣ ይቅርታ። እንቅስቃሴ ላይ ነበርኩ።

ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡት ልጆች ጋ ሄድኩ። አንዷ በጣም ወጣት ናት፣ ግን የፈረምኩትን ወረቀት ሁለት ጊዜ አነበበችውና «ስለ ጡረታ አንድ ቃል የለውም» አለችኝ። የዓመት ዕረፍቱን ለመጠየቅ ማመልከቻ ጻፈችልኝ። ይርጋው ሳይደርስ ገብቷል። ድርጅቱ የ21 ቀኑን እከፍላለሁ ብሏል፣ በቃል። በጽሑፍ ስጡኝ ብዬ መጣሁ። እንደዚያ ብዬ ስመልስ ድምፄ አልተንቀጠቀጠም።

ጋብቻው ተረጋግጧል። አማቴ ቆመው መሰከሩ። ዳኛው «ምኑ ናት ለልጅሽ» ብለው ሲጠይቋቸው «ቤቱ» አሉ። ሌላ አልጨመሩም። ወንድሙም እዚያው ነበር፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ ድርሻ አላነሳም። እሑድ ለልጆቹ ሙዝ ይዞ መጥቶ ነበር።

የጡረታውን ማመልከቻ በሁለት ኮፒ አስገባሁ። ማኅተም ያለበት በእጄ አለ። ድርጅቱ ከጥቅምት 2005 እስከ ጥቅምት 2010 ያለውን እንዲያስረዳ ደብዳቤ ይጻፍለታል ተብያለሁ። ያ 61 ወር ነው። ልጄ የደረደረችውን ስንቆጥር ከ61ዱ የ38ቱ ወር ወረቀት አለን። የ2005፣ የ2007 ክረምትና ከ2009 ብዙው ጠፍቷል። ጋሼ፣ ለጠፋው ምን ላድርግ? ሕክምናውንም እየተከታተልኩ ነው፣ ካርዱን አግኝቼዋለሁ።

የድሮ_ፔሮል

ልጄ፣ ወረቀት አምጪና አብረን እንቁጠር። የተመዘገበለት 7 ዓመት ከሁለት ወር ነው። 10 ዓመት ለመሙላት የሚጎድለው 34 ወር ነው። አንቺ እጅ ላይ 38 አለ።

ከ34 ይበልጣል። የወር አበሉን በር የሚከፍተው እሱ ነው፣ መጀመሪያ በዚያ ተከራከሪ። 61ዱን በሙሉ ግን አትተዪ፣ የሱ ድካም ነው።

ለጠፉት ወራት፦ ደመወዙ በባንክ ይገባ ከነበረ የሒሳብ መግለጫውን አስወጪ፣ በየወሩ ሥራ ላይ እንደነበረ ያሳያል። ቦሳ ቂጦ ያለው ሰውዬም በ2007 ክረምት አብሮት ከነበረ ያንን ጊዜ ለይቶ ይናገር። ድርጅቱም ፔሮሉን እንዲያቀርብ ይጠየቅ። እና 38ቱን ከማስገባትሽ በፊት እያንዳንዱን ወር በአንድ ወረቀት ላይ በተራ ጻፊው፦ ወር፣ ደመወዝ፣ የተቀነሰ ጡረታ። ልጅሽ ትጽፈው፣ እጅ ጽሑፏ ጥሩ ከሆነ። ሐሙስ ለገበያ ሄርማታ እወርዳለሁ፣ ከፈለግሽ እዚያው አይቼ አስተካክልልሻለሁ።

የመንደራዋ (ጠያቂ)

ሐሙስ እመጣለሁ ጋሼ። ልጄንም ይዤ። እስከ 2008 ጽፋ ጨርሳለች።